ከውጤቱ በፊት ሂሳቡን እዩ

በአሜሪካ ለምትኖሩ ወጣቶች፣

የምትኖሩበትን አገር ጠባይ ማወቅ ከፈለጋችሁ ስፖርቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ዕድሜዬን በሂሳብ ሥራ ስላሳለፍኩ ይሆናል፣ እኔ ጨዋታ ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ገንዘቡ ወደሚሄድበት ነው።

እዚህ አገር ፉክክርና ነጻ ገበያ ሲወደሱ ውለው ያድራሉ። ተወዳጁ የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ (NFL) ግን የሚተዳደረው በሌላ ሥርዓት ነው። 32ቱ ክለቦች ከብሔራዊ የቴሌቪዥን ስርጭት የሚያገኙትን ገንዘብ እኩል ይካፈላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ ሕግ መብቱን በጋራ እንዲሸጡ ፈቅዶላቸዋል። ከ1994 ጀምሮ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላው ሊከፍል የሚችለውን የሚወስን የደመወዝ ጣሪያ አለ። ተሸንፎ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን የሚወርድ ክለብ የለም፤ እንዲያውም መጨረሻ የወጣው በዓመታዊው ድራፍት ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡትን ተጫዋቾች ቀድሞ ይመርጣል። የባለጸጎች ዕቁብ በሉት። ጥቅም የለውም አልልም፤ ነዋሪዋ 100 ሺህ ገደማ የሆነችው ግሪን ቤይ የኒው ዮርክ ክለቦችን የምትገዳደረው በዚህ ሥርዓት ነው።

ድራፍቱን በቴሌቪዥን ተመልከቱት። ስሙ የተጠራው ልጅ እናቱን አቅፎ ያለቅሳል፣ የክለቡን ኮፍያ አድርጎ መድረክ ላይ ይወጣል፣ የሊጉን ኃላፊ ይጨብጣል። ደስታው የእውነት ነው። ሆኖም አብሮት የተመረቀው መሐንዲስ ቀጣሪውንና ከተማውን ሲያማርጥ፣ እሱ የጠራው ክለብ ወዳለበት ይሄዳል።

የዚሁ ሊግ ተጫዋች የነበረው ኮሊን ኬፐርኒክ በጥቁሮች ላይ የሚደርሰውን በደል ለመቃወም በ2016 በብሔራዊ መዝሙር ጊዜ ተንበረከከ፤ ከዚያ የውድድር ዘመን በኋላ ከ32ቱ አንዱም አላስፈረመውም። ክለቦቹ ተመካክረውብኛል ብሎ ያቀረበው አቤቱታ በ2019 በስምምነት ተዘጋ። በሜዳ የሚፋለሙ ባለቤቶች ከሜዳ ውጪ ምን ያህል እንደሚፎካከሩ እናንተው ፍረዱ።

እኔን ከሁሉ የሚያስቆጨኝ የዩኒቨርሲቲው ስፖርት ነው። ታዋቂ አሰልጣኞች በዓመት ሚሊዮኖች ሲከፈላቸው፣ ስታዲየም የሚሞላው ተጫዋች አማተር እየተባለ ከነጻ የትምህርት ዕድሉ ያለፈ ገቢ ለአሥርት ዓመታት ተከልክሎ ነበር። በስሙና በምስሉ ገንዘብ እንዲያገኝ የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር (NCAA) የፈቀደለት ገና በ2021 ነው፤ ያውም ፍርድ ቤትና የክፍላተ ግዛት ሕጎች ከገፉት በኋላ።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል በሩጫም ሆነ በእግር ኳስ የትምህርት ዕድል የቀረበለት ካለ፣ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ። ዕድሉ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ እስከ ምረቃ? አሰልጣኙ ቢቀየርስ? ጉልበቴ ቢጎዳ ሕክምናውን የሚከፍለው ማን ነው? መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።