ካምፓላ ለምትሄጂው እህቴ፣ መጀመሪያ የሚገጥምሽ ይሄ ነው

ሰላም እህቴ፣ «ለሁለት ሳምንት ስልጠና ዩጋንዳ ልሄድ ነው፣ ከባህር ዳር ወጥቼ ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም፣ መጀመሪያ ምን ይገጥመኛል» ያልሽውን አየሁት። እኔም በ2011 ዓ.ም. በአሳ ስራ ምክንያት እዛው ነበርኩ፣ ከአገር ስወጣም የመጀመሪያዬ ነበር፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ልንገርሽ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን ከፓስፖርትሽ ጋር በእጅሽ ያዢው፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፣ እንቴቤ ስትወርጂ ይጠይቁሻል። በረራው ከአዲስ አበባ ሁለት ሰአት ገደማ ይፈጃል። ከቻልሽ መስኮት ጋ ተቀመጪ፣ ኤርፖርቱ ቪክቶሪያ ሀይቅ ዳር ስለሆነ ስታርፉ ውሀው ላይ የምትወርዱ ነው የሚመስልሽ። እኔ ከአውሮፕላኑ ስወርድ ያ እርጥብ የሀይቅ ሽታ፣ የደንገልና የአሳ ሽታ ሲመጣብኝ በቃ ጣና ዳር የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ሌላ አገር መሆኔን የነገረኝ መኪናው ነው፣ መሪው በቀኝ በኩል፣ የሚነዱትም በግራ። ይሄን በደንብ ያዢው፣ መንገድ ስትሻገሪ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዪ፣ ለምዶብኝ ወደ ግራ አይቼ ስገባ ቦዳ ቦዳ (የኪራይ ሞተር ነው፣ እንደኛ ባጃጅ ከተማውን ሞልቶታል) ልብሴን ታክኮኝ አልፏል።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ሰአቱ ነው። እኔ የፈረንጅ ሰአት እየቀየርኩ ልኖር ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ እውነትም እንደዛ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ሾፌራችን ስልክ ሲያወራ «ሳዋ ቢሪ፣ ሳዋ ቢሪ» ሲል ሰማሁና ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኩት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰአት ማለት ነው አለኝ። በሉጋንዳ (የካምፓላ አካባቢ ህዝብ፣ የባጋንዳ ቋንቋ ነው) ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት! ሳዋ ማለት ሰአት፣ ቢሪ ሁለት። ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም፣ በአለም ላይ እንደዚህ የምንቆጥረው እኛ ብቻ ነን እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

ሌላው ሰላምታቸው ነው። ያረፍኩበት ቤት ቁርስ የምታቀርብልን ልጅ ጠዋት መጥታ ሁለት ጉልበቷን መሬት አስነክታ ሰላም አለችኝ። ደንግጬ ብድግ ብዬ ክንዷን ይዤ ላነሳት ስል ባልደረባዬ ተው፣ የባጋንዳ ሴቶች ወግ ነው፣ ካነሳሀት ሰላምታዋን አልቀበልም እንዳልክ ነው የሚሆነው አለኝ። እኛ ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር» ብለን ከመቀመጫችን እንነሳ የለ? እነሱ ደግሞ ዝቅ ይላሉ፣ አክብሮቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ሲንበረከኩልሽ አትደንግጪ፣ ተቀበያቸው፣ ወንዱን «ሴቦ» ሴቷን «ኛቦ» በያቸው፣ ለምስጋና ደግሞ «ዌባሌ»። ፊታቸው ሲፈካ ታያለሽ።

ምግብ አትፍሪ፣ በተለይ ረቡእና አርብ ከፆምሽ። ማቶኬ የሚባል አላቸው፣ ያልበሰለ ሙዝ ተልጦ በቅጠሉ ተጠቅልሎ በእንፋሎት ይበስላል። ሴትየዋ ያን ቅጠል ስትፈታው እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ሲመጣ የእናቴ ድፎ ዳቦ ከኮባው ሲወጣ ያለው ሽታ ነው የመጣብኝ። በኦቾሎኒ ወጥ ስጡኝ በያቸው፣ ፆም ነው፣ ያጠግባል። ፍስክ ሲሆን ደግሞ የተጠበሰ አሳ ብዪ፣ ራሱ የኛ ቆሮሶ ነው። እንጀራ ከናፈቀሽ ካባላጋላ የሚባል ሰፈር የሀበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፣ ግን ሳምንት ሳይሞላሽ አትሂጂ፣ እንጀራ ፍለጋ ስትዞሪ የነሱን ሳትቀምሺ እንዳትመለሺ።

አንድ ቅዳሜ ካገኘሽ ጂንጃ ሂጂ፣ እባክሽ። ከካምፓላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ የሚወጣው እዛ ነው። እኔ የአባይ ድልድይ ስር ስዋኝ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ ከጣና የሚወጣበትን ውሀ እንደ ቤቴ ደጅ ነው የማውቀው፣ እና የወንድሙን መነሻ ጀልባ ላይ ሆኜ ሳይ እንባዬ መጣ። እጄን ውሀው ውስጥ ነክሬ ዝም ብዬ ቆየሁ፣ ካርቱም ላይ ከኛው ጋር ይገናኛል እያልኩ። ሪፖን የሚባል ፏፏቴ ነበር እዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመረቀው የኦወን ፏፏቴ ግድብ አሰጠመው፣ ጀልባ ነጂው ሲነግረኝ ጭስ አባይ ውሀው ለኤሌክትሪክ ከተጠለፈ ወዲህ በበጋ እንዴት እንደሚሳሳ ነገርኩት።

ዳር ላይ ግን ያየሁት ነገር ልቤን ሰበረው። እምቦጭ! ያው ሀምራዊ አበባ፣ ያው ወፍራም አንገት። እኛ ጋ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው ጣና ላይ የታየው፣ እነሱ ግን በ1990ዎቹ የፈረንጆች ዘመን ቪክቶሪያን አልብሶባቸው ጀልባ ማንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ አሳ አስጋሪ አንዱን ቅጠል ነቅሎ ላዩ ላይ ያሉትን ትንንሽ የተፋቁ ቦታዎች አሳየኝ፣ ነቀዝ በልታው ነው፣ ለዚሁ ብለው አምጥተው የለቀቋት። እሷና የዛን ጊዜው የአየር ሁኔታ ተጋግዘው ብዙውን ቀነሱልን አለኝ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ንፋስ ሲመጣ ይመለሳል። ያን ቅጠል ደብተሬ ውስጥ አድርጌ አምጥቼዋለሁ፣ እስካሁን አለ።

ቡና መያዝ እንዳትረሺ፣ የዘጌ ቡና ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፣ ለአስተናጋጆችሽ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ጂንጃ ከሄድሽ ደግሞ የዳርቻውን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልን፣ እምቦጩ አሁን ምን ላይ እንደደረሰ ማየት እፈልጋለሁ።