«አፍንጫው ታፍኗል» ስትለኝ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ሐኪም ጠየቀችኝ። «ዶክተር፣ እናታቸው ኦፒዮይድ ስትወስድ የቆየች ጨቅላዎች ቫይረስ ቶሎ ያጠቃቸዋል?» «አዎ» ብያት ወደ ቤቴ ሄድኩ። ኦፒዮይድ ማለት እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ያለ፣ ሱስ የሚያስይዝ የህመም ማስታገሻ ነው። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

አንድ ጨቅላ ትዝ ብሎኝ ነው። ብዙ ዓመት ሆኖታል። እናቱ በእርግዝናዋ ትራማዶል ስትወስድ ቆይታለች። ልጁ በተወለደ በሁለተኛው ቀን ሀራራው፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥበት የሚመጣው ስቃይ፣ ጀመረው። ይንቀጠቀጣል፣ በቀጭን ድምፅ ይጮኻል፣ ጡት ይዞ ይለቃል። በሞርፊን ጠብታ አረጋጋነው። መጠኑንም መቀነስ ጀምረን ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት እናቱ «ዶክተር፣ አፍንጫው ታፍኗል። እህቱ ልትጠይቀው ስትመጣ ጉንፋን ይዟት ነበር» አለችኝ። እኔ ዓይኔ ወረቀት ላይ ነው። ሐኪሟ ሎሬታ ፊኔጋን እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣችው፣ የጨቅላ ሀራራ ምልክቶች ነጥብ መስጫ ነው። ማስነጠስ 1። የታፈነ አፍንጫ 1። በደቂቃ ከ60 በላይ መተንፈስ 1። ትኩሳት 1። ደመርኩ። ሀራራው አገርሽቷል ብዬ ሞርፊኑን ከፍ አደረግሁት። እውነቱን ልናገር፦ ሌላ እናት ብትሆን ኖሮ ቀና ብዬ አያት ነበር። የሱሰኛ ወሬ ነው ብዬ አለፍኳት።

ማታ ትንፋሹ ቀጥ አለ። ከንፈሩ ጠቆረ። ተረኛዋ ሲስተር ሮጣ በአምቡ ባግ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባው ከረጢት፣ ነፋችለት። በዚያች ሌሊት ጣቶቿ ሲንቀጠቀጡ አይቻለሁ፤ አነፋፏ ግን አልተዛነፈም። አርኤስቪ ነበር፤ የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቃ ቫይረስ። ያ ቫይረስ ጨቅላን ትንፋሽ ያስረሳል፤ ሞርፊንም ያስረሳል። እኔ ደራረብኩበት። ልጁ ተረፈ። እናቱ አንድ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የመከላከያ ሴሎቻችን ላይ ራሱ የኦፒዮይድ መቀበያ አለ። ሞርፊን በቫይረስ የተያዘን ሴል የሚገድሉትን ያደክማቸዋል። መድኃኒቱ ደግሞ በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል። እነዚህ ልጆች ያለጊዜያቸው የመወለድ ዕድላቸውም ከፍ ያለ ነው። የእናት አንቲቦዲ በብዛት የሚተላለፈው በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ስለሆነ ያለጊዜያቸው የተወለዱት ስንቃቸው ሳይሞላ ይመጣሉ ማለት ነው። ሲጋራና ችግር ሲጨመርበት የትኛው ጉዳት ከየት እንደመጣ መለየት ይከብዳል።

እናንተ ወጣት ሐኪሞች፣ እጃችሁን ታጠቡ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ኦፒዮይድ የምትወስደውን ነፍሰ ጡር ግን «ዛሬውኑ አቁሚ» ብላችሁ አታስደንግጧት። ድንገት ማቋረጥ ለእሷም ለፅንሱም አደገኛ ነው፤ ሜታዶን የተባለው ተተኪ ኦፒዮይድ በሐኪም ክትትል የሚሰጠው ለዚህ ነው። በሕክምናው ከተረጋጋች፣ ሌላ የሚከለክል ነገር ከሌለ ጡት ታጥባ። ወተቷ ሀራራውን ያበርዳል፤ ከኢንፌክሽንም ይከላከላል።

የዛሬ ልጆች ከእኛ የበለጠ ታነባላችሁ። ግን ስልክ እያያችሁ ነው በሽተኛ የምታናግሩት፤ ያናድደኛል። እኔስ? ወረቀት እያየሁ አልነበር?

ወረቀቱንም ቢሆን አትጣሉት፤ ብዙ ልጅ ረድቶበታል።

ለዚያች ሐኪም ይህን አልነገርኳትም። «አዎ» ብቻ ነው ያልኳት። ነገ ተረኛ ናት፤ በጠዋት እደውልላታለሁ።