ሰውዬው የተቀመጠበት ስቴት

ሳይኮሎጂ ተምራችሁ አሜሪካ ውስጥ ልትሠሩ ላሰባችሁ ልጆች፣

መጀመሪያ ጉዴን ላውጣ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2018 ነው። ቨርጂንያ ውስጥ ፈቃድ አውጥቼ ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። አንድ ወጣት በየማክሰኞው በቪዲዮ አገኝ ነበር። የዚያን ቀን ከኋላው የማላውቀው መጋረጃ አየሁ። ዝም አልኩ። ሰዓታችን ሊያልቅ ሲል፣ "ጋሼ፣ ሳልነግርዎት፤ ካሊፎርኒያ አጎቴ ጋ ነኝ" አለኝ።

ማታ የካሊፎርኒያን ሕግ ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ቡናዬ ቀዘቀዘ። ደግነቱ የሌላ ስቴት ፈቃድ ያለው ሳይኮሎጂስት በዓመት ከ30 ቀን ሳይበልጥ እዚያ እንዲሠራ የሚፈቅድ አንቀጽ አላቸው። ተረፍኩ። ግን በዕድል እንጂ በጥንቃቄ አልነበረም። አንቀጹን ያገኘሁት ከሥራው በኋላ ነዋ!

መንጃ ፈቃድ ከስቴት ስቴት ያስኬዳል። የእኛ ፈቃድ እንደዚያ አይደለም። የሚሰጠው ስቴቱ ነው፤ የሚታየውም እናንተ ያላችሁበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ሰውዬው የተቀመጠበት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንደጨረስኩ "ዛሬ የት ነህ?" እላለሁ፤ አድራሻውን እጽፋለሁ። ለሕጉ ብቻ ብዬ አይደለም። ራሱን ሊጎዳ ቢሆን አምቡላንስ የት ልላክ?

አሁን ነገሩ ቀለል ብሏል። በአንዱ ስቴት ፈቃድ ያለው ሳይኮሎጂስት በሌሎቹ አባል ስቴቶች ያሉ ሰዎችንም በቪዲዮ እንዲያክም የሚያስችል፣ ሳይፓክት የሚባል የስቴቶች ስምምነት አለ፤ ከ2020 ጀምሮ ማመልከቻ ይቀበላል፤ ከ40 በላይ ስቴቶች ገብተውበታል። ቨርጂንያም ሜሪላንድም ዲሲም አሉበት። ስቴታችሁ ስለገባ ብቻ ግን አይሠራላችሁም፤ እናንተም አመልክታችሁ የስምምነቱን ፈቃድ ማግኘት አለባችሁ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ይህን እስክጽፍ ድረስ አልገባችም።

የሕጉ ይዘትም ይለያያል። አንድ ሰው "እከሌን እገድላለሁ" ቢላችሁስ? በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ታካሚ ታቲያና ታራሶፍ የምትባል ተማሪን እንደሚገድል ለሳይኮሎጂስቱ ተናገረ። ሳይኮሎጂስቱ ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አሳወቀ። ለእሷ ግን የነገራት አልነበረም። ተገደለች። በ1976 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባለሙያው አደጋ ያንዣበበበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት አለ። ቴክሳስ ሂዱ፤ በ1999 የዚያው ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማስጠንቀቅ ግዴታን አልቀበልም አለ። ሕጉ ለሐኪም ወይም ለፖሊስ መንገርን ይፈቅዳል፤ የተዛተበትን ሰው ግን እዚያ ውስጥ አልጠቀሰም። ያው አንድ ዛቻ ነው። ካሊፎርኒያ የተማረ ሰው ቴክሳስ ገብቶ በልምዱ ቢሠራ የሚገባበትን ጣጣ አስቡት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን በራሳችን ሰዎች ላይ ነው። አንዲት እናት የልጇን ውጤት ስታወራኝ፣ የሽንኩርት ዋጋ እንደምትነግረኝ ሁሉ "በቀበቶ ገረፍኩት፤ ጀርባው እስኪያብጥ" ብላ አለፈች። ቨርጂንያ ውስጥ ልጅ መጎዳቱን የጠረጠረ ባለሙያ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ደወልኩ። እሷም ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። በመጀመሪያው ቀን ያስፈረምኳት የእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ተጽፏል። ግን ማን አነበበው? ዛሬ ገና ሥራ ሳንጀምር፣ ወረቀቱን አስቀምጬ፣ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፦ "የሚነግሩኝ ምስጢር ነው። እነዚህ እነዚህ ግን ከእኔ አቅም በላይ ናቸው።" አንዳንዱ ይቀየማል። ይሁን።

ሕጉን ሸምድዱ አልላችሁም። የስቴታችሁን የሳይኮሎጂ ቦርድ ገጽ ክፈቱና ዋናውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከስልጠና የተረፈ የጓደኛ ኖት አይበቃም። ደንቡ ሲሻሻል ኖቱ አይሻሻልም።

ያ ወጣት አሁንም አጎቱ ጋ ይሄዳል። ትኬት ሲቆርጥ ይደውልልኛል፤ እኔም 30ውን ቀን በደብተሬ ላይ እቆጥራለሁ።