የእቁብ ገንዘብና ቀይ ባሕር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሐዋሳ አንድ ሆቴል ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ጠባቂ ነኝ፤ ዕድሜዬ 25 ነው። ሐይቅ ውስጥ ስላደግሁ ውሃ አያስፈራኝም። ሰሞኑን እቁብ ወጥቶልኛል። አንድ ደላላ «ግብፅ ልላክህ፤ በስድስት ሳምንት የስኩባ (የአየር ታንክ ተሸክሞ የመጥለቅ) አስተማሪ ትሆናለህ፤ በዚያው ወረቀት ዱባይ ሄደህ የነዳጅ መድረክ ላይ ከባሕር ሥር ብየዳ ትሠራለህ» ብሎኝ ገንዘቡን እስከ ወሩ መጨረሻ ይፈልገዋል። እናቴ ደግሞ «ኦክስጅን ተሸክሞ ባሕር የሚገባ ልጅ አልወለድኩም» ብላ አኩርፋኛለች። ምን ትይኛለሽ?
ዋናተኛው ነኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለደላላው ሰባራ ሳንቲም እንዳትሰጥ። ሙያውን ግን ተው አልልህም፤ እኔም እዚህ ግብፅ፣ ቀይ ባሕር ዳር ዳሃብ ተቀምጬ የምበላው ከዚሁ ነው።

እስቲ ስድስት ሳምንቱን እንየው። እዚህ በብዛት የሚሠራበት ፓዲ የሚባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ለአስተማሪነት ፈተና ከመቀመጥህ በፊት መዝገብህ ላይ 100 ዳይቭ (አንድ ጊዜ ጠልቆ መውጣት አንድ ዳይቭ ነው) ሊኖር ይገባል፤ የመጀመሪያውን የጠላቂነት ካርድ ከያዝክም 6 ወር ሊሞላህ ግድ ነው። መቶውን ሮጠህ ትጨርሰው ይሆናል፤ ስድስቱን ወር ግን ማንም አያሳጥርልህም። ደላላው የሰማው ምናልባት ዳይቭማስተር ስለሚባለው ደረጃ ነው። ኦፕን ዋተር፣ አድቫንስድ፣ ሬስኪው የሚባሉትን ደረጃዎች እያለፈ በሁለት ወር ገደማ እዚያ የሚደርስ ጎበዝ አለ። ዳይቭማስተር ካርድ ያላቸውን ጠላቂዎች ይመራል፣ አስተማሪውን ያግዛል፤ አዲስ ሰው ከባዶ ተቀብሎ ማስተማር ግን አይፈቀድለትም።

«በዚያው ወረቀት ብየዳ» የሚለው ደግሞ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። የእኛ ካርድ የመዝናኛ ካርድ ነው። ነዳጅ መድረክ ላይ የሚሠራው ሰው በአብዛኛው አየሩን ጀርባው ላይ አይሸከምም፤ ከመርከቡ በቱቦ ይላክለታል፣ የብረት ቆብ ያጠልቃል፣ ላይ ካለው ኃላፊ ጋር በስልክ እየተነጋገረ ይሠራል። ትምህርት ቤቱ ሌላ፣ ምስክር ወረቀቱ ሌላ፣ ክፍያውም ሌላ ነው፤ እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካን የመሳሰሉ አገሮች ለዚህ ሥራ የራሳቸው የሥልጠና ደረጃና ሕግ አላቸው። የዕለት ሥራው ራሱ ከብየዳ ይልቅ መፈተሽ፣ ማጽዳት፣ ብሎን መፍታትና ማሰር ይበዛበታል፤ ውሃው ሲደፈርስ ደግሞ በዳበሳ ነው። ልብህ በእውነት ወደ ብየዳ ካዘነበለ እዚያው ሐዋሳ ደረቅ መሬት ላይ ጥሩ በያጅ ሆነህ ጀምር።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። እኔም የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ጣና ውስጥ ስንጠልቅ ጀግና የሚባለው ትንፋሹን ይዞ ብዙ የቆየው ነበር። ታንክ ይዘህ ስትገባ ይህ ጀግንነት ይገድልሃል። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው ወለል እጥፍ ነው። እዚያ ሆነህ ከታንኩ ሳንባህን ሞልተህ ትንፋሽህን እንደያዝክ ወደ ላይ ብትወጣ፣ ያ አየር እጥፍ ልሁን ይላል፤ ሳንባ ደግሞ ያን ያህል አይለጠጥም፣ ይቀደዳል። ለዚህ ጥልቅ ባሕር አያስፈልግም፤ ሁለት ሜትር ውሃም ይበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት «ትንፋሽህን አትያዝ» ነው፤ ዋና ከማይችለው ጀርመናዊ ይልቅ ይህን ለማስለመድ የሚያስቸግረኝ የሐይቅና የወንዝ ልጅ ነው። የዳይቭማስተሩን የዋና ፈተና፣ ማለትም 400 ሜትር ሳያርፉ መዋኘትን፣ 15 ደቂቃ ባለህበት መንሳፈፍን፣ የደከመ ሰው 100 ሜትር መጎተትን፣ አንተ አታስብበት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የሐኪም ጉዳይ አለ። ከቲኬት በፊት ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ለዳይቭማስተሩም የሐኪም ፊርማ ትጠየቃለህ። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ካለህ አትደብቅ። በተለይ በልጅነትህ የሳንባ ነቀርሳ ይዞህ ከነበረ ተናገርና ደረትህን ራጅ ተነሳ፤ ጠባሳው አየር አፍኖ ሊያስቀር ይችላል፤ ታፍኖ የቀረ አየር ስትወጣ ምን እንደሚያደርግ አሁን ነግሬሃለሁ።

ለእናትህ ደግሞ ኦክስጅን እንደማትሸከም ንገራት። ታንኩ ውስጥ ያለው እሷ ቤት የምትተነፍሰው አየር ነው፤ ተጠቅጥቆ የገባ፣ ኦክስጅኑ 21 በመቶ ገደማ። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች ራሱ መርዝ ነው፤ ሰውን ያንዘፈዝፋል። (ይህችኛዋን ባትነግራትም ይሻላል።)

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገርህ፤ ደላላ ይህን አይናገርም። ጠዋት ታንክ ከመኪና ታወርዳለህ፤ አንዱ ሲሞላ ከ15 ኪሎ በላይ ነው። ዳሃብ በብዛት የሚገባው ከባሕሩ ዳር እየተራመዱ ስለሆነ ያንን ክብደት ሆኖ ወደ ታች ከሚያወርድህ የእርሳስ ቀበቶ ጋር ተሸክመህ በዓለት ላይ ትሄዳለህ። የቱሪስቱን እግር ገምተህ ክንፍ ትመርጥለታለህ፤ ማታ ሰዎች የሸኑበትን የጎማ ልብስ ታጥባለህ። አዎ፣ ይሸኑበታል። ሥልጠና ላይ ያለ ዳይቭማስተር ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የለውም። አስተማሪውም የሚከፈለው በተማሪ ቁጥር ነው፤ ተማሪ ከሌለ ብር የለም። ከጥሩ ዋናተኛ ይልቅ ሩሲያኛ ወይም ጀርመንኛ የሚናገር ሰው ቀድሞ ሲቀጠር አያለሁ። በቱሪስት ቪዛ ደግሞ መማር እንጂ መሥራት አይቻልም፤ የሥራ ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣልህ በጽሑፍ ሳትይዝ አትነሳ።

እኔ አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣልኝ በመጀመሪያው ሳምንት ብሉ ሆል ወደሚባለው እዚሁ ዳሃብ ያለ የባሕር ጉድጓድ እወስደውና ዓለቱ ላይ የተለጠፉትን የሟቾች ስም አስነብበዋለሁ። እዚያ ከ50 ሜትር በታች ዓለቱ ውስጥ እንደ በር የተከፈተ አንድ ቅስት አለ፤ የመዝናኛ ጠላቂ ወሰን 40 ሜትር መሆኑን እያወቁ ብዙዎች ሄደውበታል። አንብቦ የሚስቅ ሠልጣኝ ከሆነ ሌላ አስተማሪ ይፈልግ እላለሁ።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ሥራህን ሳትለቅ በዓመት ፈቃድህ ጅቡቲ ሂድና የመጀመሪያውን ካርድ ብቻ አውጣ። ከኅዳር እስከ ጥር ከሄድክ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርክ ታያለህ፤ ያ ግዙፍ ዓሣ ሰው አይበላም። ጆሮህ ግፊቱን ከተቀበለ፣ ደግሞም ከሳምንት በኋላ አሁንም ካማረህ፣ ያኔ ስለ ዳሃብ እናወራለን። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ከባሕር ወጥተህ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ እንዳትነሳ። ስትጠልቅ ናይትሮጅን ደምህ ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱ ቶሎ ከቀነሰ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ አረፋ ያወጣል። ሌላ አገር ያለ ጠላቂ የሚጠነቀቀው ለአውሮፕላን ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በመኪናም በባቡርም ብትመጣ መብረር ማለት ነው። በተከታታይ ለጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይባላል፤ አንተ ሙሉ ቀን እረፍ።

ከእቁቡ የተረፈውን አስቀምጠው። ትምህርት ቤቶች የሚነግሩህ ዋጋ ላይ የአስተማሪነት ፈተናው ክፍያ፣ የፓዲ ዓመታዊ አባልነት፣ መድንና የራስህ ዕቃ ብዙ ጊዜ አይካተቱም። አንድ በአንድ እየጠራህ «ይህስ?» ብለህ ጠይቅ፤ ሁሉም በውጭ ምንዛሪ ነው፣ እቁብህ ደግሞ በብር።

ጥያቄ፦ ዱባይ በሰው ቤት እሠራለሁ። ዋና አልችልም። የአንድ ቀን የሙከራ ዳይቭ እንደ እኔ ላለ ሰው ይፈቀዳል? ሹሩባዬስ?
ሰላም ነኝ ባይዋ

መልስ፦ ይፈቀዳል፤ ለሙከራው የዋና ፈተና የለውም። መጀመሪያ ቆመሽ በምትደርሺበት ውሃ ትለማመጃለሽ፣ ከዚያ አስተማሪው ከአጠገብሽ ሳይለይ ቢበዛ እስከ 12 ሜትር ነው። የጤና መጠይቁን በትክክል ሙዪ፤ ጉንፋን ከያዘሽ ለሌላ ቀን ይሁን፣ ጆሮሽ አይከፈትም። ሹሩባው ደግሞ ከተበተነ ፀጉር ይሻላል፤ ጭንብሉ ሥር አንድ ዘለላ እንኳን ከገባ ውሃ ያስገባልና ከግንባርሽ ወደ ኋላ የተጎነጎነ ይሁን። ቅቤውን ግን ለሌላ ቀን አድርጊው፣ የጭንብሉ ማሰሪያ ይንሸራተታል።