ያለ ደላላ ቤት ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ባለቤቱ ራሱ የሚሸጠው ቤት አገኘሁ። ደላላ የለም። «ግማሹን ዛሬ ስጪኝ፣ ውሉን እዚሁ በሦስት ምስክር እንጨርሳለን» ይለኛል። ልስማማ?
መምህርት ነኝ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ ደላላ አለመኖሩ ምንም አይደል። እኔም የገዛሁት ያለ ደላላ ነው፤ የኮሚሽኑ ብር ለቆርቆሮ ሆነኝ። የሚያሰጋኝ የሰፈር ውሉ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሦስት ምስክር ቀርቶ ሰፈሩ በሙሉ ቢፈርም ያንን አይተካም።

ስለዚህ ብር ከመስጠትሽ በፊት ሻጩን ይዘሽ ከተማ አስተዳደር ሂጂ። ዕዳና እገዳ ይጣራ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቤት ካርታው ፎቶ ኮፒ ነበር። ዋናው ለካ ባንክ በብድር ተይዟል! ሰውዬው ቡና አስፈልቶ ሲያጫውተኝ ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ሊዝ ከሆነ የቀረ ክፍያ እንዳለ ጠይቂ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ግን ሻጩን አትጠይቂ፣ ጎረቤትን ጠይቂ። በረንዳ ላይ የተደረደረውንም ጀሪካን ቁጠሪ።