ለእናትሽ ግፊት፦ ዘይቱ፣ የዓሣ ዘይቱ እና ያ «የግፊት ጨው»

እህቴ፣ እናትሽ ግፊታቸው 160/95 ሆኖ ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት ክኒን እንደተጀመረላቸው ጽፈሻል። ሰፈሩ ደግሞ ቅቤ ይቅር፣ ኦሜጋ 3 ይግዙ፣ ጨው በ«ግፊት ጨው» ይቀየር እያለ አስጨንቆሻል። እኔ ኮዬ ፈጬ ነኝ። አባባ ከኔ ጋር ናቸው፣ የሚወስዱትም ያንኑ ኢናላፕሪል ነው።

1. የሚረጋውን ዘይት ተይው። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ነው፣ ቅቤም እንደዚያው፣ የሱፍ ዘይት ግን ከ100 ግራም 11 ግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው። ይሄ የሚጠቅመው በዋናነት ለልብና ለኮሌስትሮል ስለሆነ ዘይት ቀየርኩ ብለሽ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል ብለሽ አትጠብቂ። ግፊቱን የሚያንረው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ወጡ ላይ ብትቀንሺም ሽሮውና በርበሬው ከወፍጮ ቤት ጨው ይዘው ይመጣሉ። እኔ ጨው ሳልጨምር ነው የማስፈጨው።

2. የዓሣ ዘይት ብልቃጥ ፊቱ ላይ 1000 ሚሊግራም ይላል፣ አንቺ ጀርባውን አንብቢ። ብዙዎቹ ላይ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ነው፣ ኦሜጋ 3 የሚባሉት እነሱ ናቸው፣ ድምሩ 300። ግፊት ላይ ለውጥ የታየው ከእነሱ በቀን ከ2 እስከ 3 ግራም ሲወሰድ ነው፣ እሱም የጥቂት ነጥብ ቅናሽ። በቀን ከሰባት እስከ አስር ፍሬ መሆኑ ነው! በጡረታ ብር አይሞከርም። የተፈጨ ተልባ ይሻላል። በ2013 (በፈረንጆቹ) በወጣ ጥናት የእግር ደም ስር የጠበበባቸው ሰዎች በቀን 30 ግራም ለስድስት ወር በልተው ግፊታቸው ደህና አድርጎ ወርዷል።

3. ያ «የግፊት ጨው»። እዚህ ላይ አደራ። ወንድሜ ከአንድ ሱቅ ገዝቶ አመጣ፣ ሻጩ «ሶዲየም የለውም፣ እንደ ልብ ይብሉ» ብሎታል። ከታች በትንሹ የተጻፈው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ኢናላፕሪል ራሱ ፖታሲየም ከሰውነት እንዳይወጣ ይይዛል፣ የአባባ ኩላሊት ደግሞ ደከም ብሏል። ያንን ጨው ሲበሉ ቆይተው እግራቸው ዛለ፣ ከወንበር ለመነሳት ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ መደገፍ ጀመሩ። ይዣቸው ስሄድ የካርድ ክፍሏ ልጅ ቀና እንኳን ሳትል «ቀጠሯችሁ አልደረሰም፣ ሽማግሌ ይደክመዋል» አለችኝ። ከመስኮቱ ንቅንቅ አላልኩም። ካርዱ እስኪወጣ እዚያው ቆምኩ። ሐኪሙ «ምን የተለየ ነገር ይወስዳሉ?» ሲል የጨውየውን ካርቶን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት፣ ወዲያው የደም ምርመራ አዘዘ። ፖታሲየማቸው ከ6 አልፏል፣ ጤነኛው እስከ 5 ገደማ ነው። ልብ ሊያቆም የሚችል ነገር ነው፣ ተኝተው ታከሙ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ዳኑ። ውጤቱን ይዤ ሻጩ ጋ ሄድኩ። «እኛ ምግብ ነው የምንሸጠው፣ መድኃኒት አይደለም» አለኝ። ታዲያ ምግብ ከሆነ ለምን ለግፊት ብለህ ትሸጣለህ? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«የግፊት ጨው» ራሱ መርዝ አይደለም፣ ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነና እንዲህ ያለ መድኃኒት ለማይወስድ ሰው ጥሩ ምትክ ነው። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን ወይም ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይነካም። የፖታሲየም ክኒንም እንደዚያው። ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ የሚውጡ ከሆነም ተናገሪ፣ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል።

ክኒኑን ማንም አቁሙ ቢላቸው እንዳያቆሙ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቤት ያለውን ብልቃጥና ካርቶን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) እና ፖታሲየም ይታይልኝ በይ። ኩላሊታቸው ከዚህ በፊት ታይቶ ያውቃል? እሱን መልሺልኝ።