«ባሕርይ» እና «አካል» ስንል ሙስሊም ጓደኛችን ምን ይሰማል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። ሙስሊም ጓደኛዬ «የአላህ ባሕርያት» እያለ ያስረዳኛል፤ እኛ ግን ባሕርዩ አንድ ነው እንላለን። እኔ «ሦስት አካል» ስል ደግሞ እሱ ይደነግጣል። ለመሆኑ ሙስሊሞች ፈጣሪ እጅ አለው ይላሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ የጭቅጭቃችሁ ግማሹ የቃል ነው። እሱ «ባሕርያት» የሚለው ዐረብኛውን «ሲፋት» ነው። አሽዓሪያ የሚባሉት ሊቃውንት ሰባቱን ለይተው ይቆጥራሉ፦ ሕይወት፣ ዕውቀት፣ ኃይል፣ ፈቃድ፣ መስማት፣ ማየት፣ ንግግር። እኛ እንዲህ ያለውን «የባሕርዩ ገንዘብ» እንለዋለን፤ ባሕርይ ስንል መለኮቱን ነውና። «አካል» ስትለው ደግሞ እሱ የሚሰማው ገላ ነው፤ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ወደ እጁ እንምጣ። ቁርኣን በ42፡11 እርሱን የሚመስል ምንም እንደሌለ ይናገራል፤ በ38፡75 ደግሞ አዳምን በሁለት እጆቹ እንደፈጠረው። ሊቃውንቱን የከፈላቸው ይህን ማስታረቁ ነው። ሙዕተዚላዎች፣ ማለትም ለአእምሮ ማስረጃ ትልቅ ቦታ የሚሰጡት ጥንታውያን የእስልምና ሊቃውንት፣ እጅን በኃይል ወይም በጸጋ ተረጎሙት። አልፈውም ከእርሱ የተለየ ዘላለማዊ ሲፋት አለ ማለት ዘላለማውያንን ማብዛት ነው አሉ፤ ስለዚህ ንግግሩ የሆነው ቁርኣንም ፍጡር ነው ይላሉ። ኸሊፋ አል-መእሙን በ833 እ.ኤ.አ. ይህን በግድ ሊያስቀበል ሲነሣ የጻፈው ደብዳቤ ለእኛ ልብ የሚያስብል ነው፦ ቁርኣን አልተፈጠረም የሚሉትን፣ ኢየሱስ የእግዚአብሔር ቃል ስለሆነ አልተፈጠረም ከሚሉ ክርስቲያኖች ጋር አመሳሰላቸው። ቁርኣን ፍጡር ነው አልልም ያለው ሊቅ አሕመድ ኢብን ሐንበል ታስሮ ተገረፈ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። የእርሱ ወገኖች እጁን እንደተጻፈው ይቀበላሉ፣ «እንዴት?» አይሉም፤ «ቢላ ከይፍ» የሚባለው ይህ ነው። አሽዓሪዎች ደግሞ ሲፋቱ «እርሱ ራሱም አይደሉም፣ ከእርሱ ሌላም አይደሉም» ይላሉ፤ ከኋለኞቹ ብዙዎቹ እጅን ይተረጉሙታል።

እንግዲህ «ሙስሊሞች ለአምላክ ገላ ይሰጣሉ» አትበል፤ እንደተጻፈው የሚቀበሉትም እንደ ፍጡር እጅ አይደለም ይላሉ። እኛም «የእግዚአብሔር ዓይኖች ወደ ጻድቃን ናቸው» የሚለውን መዝሙር እናነባለን፤ እግዚአብሔር መንፈስ ስለሆነ ግን ዓይኑን ጥበቃው ብለን እንተረጉማለን። ጓደኛህን አስቀድመህ «እጅን ትተረጉማለህ ወይስ እንደተጻፈው ትቀበላለህ?» ብለህ ጠይቀው። «ሦስት አካል» ከማለትህም በፊት አካል ያልከው በራሱ ህልው ሆኖ «እኔ» የሚለውን እንጂ ገላን እንዳልሆነ ንገረው። ይህ ከተግባባችሁ በኋላም ሥላሴን አይቀበልም፤ የሚቃወመው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ለአምላክ ልጅ አለው መባሉን ነውና፣ ንግግራችሁ ከዚያ ይቀጥል።